ዘጠነኛው መንገድ ባዶ አልነበረም

ባለፈው ዓመት ግንቦት ውስጥ፣ አንድ እሁድ ረፋድ ላይ፣ መኪናዬን ከቆመበት ማውጣት አቃተኝ። ጎኑ ላይ አንድ አሮጌ ካምሪ ሁለተኛ ረድፍ ሠርቶ ቆሟል። ሹፌሩ የት እንዳለ ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም፤ ከአፓርታማዬ ማዶ ካለችው ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን (ስሟን ልተወው) የኦርጋንና የጭብጨባ ድምፅ እስከ መንገዱ ይሰማል። ስልኬን አወጣሁ። የዋሽንግተን ዲሲ አስተዳደር 311 የሚባል የአቤቱታ መተግበሪያ አለው። ታርጋውን ፎቶ አነሳሁ፣ ቦታውን ካርታው ላይ ነካሁ፣ ላክሁ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ሥራዬ ሶፍትዌር ስለሆነ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የመተግበሪያው ፍጥነት ደስ ብሎኝ ነበር።

ምሳ ሲልቨር ስፕሪንግ አክስቴ ቤት ነበር የተጠራሁት። አርፍጄ ስደርስ ምክንያቱን ነገርኳት። «ከሜሪላንድ ድረስ እየነዱ መጥተው የሰው መንገድ ይዘጋሉ» አልኩ። አክስቴ ወጥ እያወጣች ነበር፤ ጭልፋውን እንደያዘች ዞረች።

«ከሰስካቸው?»

«ሪፖርት አደረግኩ እንጂ ምን ክስ አለው?»

«እኛስ የት ነበር የምናቆመው?» አለችኝ።

አክስቴ በሱዳን በኩል በ1983 ነው የመጣችው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የእነሱ የጸሎት ኅብረት የራሱ ሕንፃ ከመግዛቱ በፊት ለዓመታት የተሰበሰበው በአንዲት የጥቁር አሜሪካውያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ባለቤቶቹ ጨርሰው ሲወጡ እነሱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይገባሉ። ኪራይ ተብሎ የሚከፈለው ገንዘብ የመብራቱን እንኳ አይሸፍንም ነበር ትላለች። መኪና ያለው ሰው መንገዱ ላይ እንዳገኘ ያቆማል፣ ጎረቤት ይቆጣል፣ ፖሊስ ይመጣል። ያኔ ወጥተው «እንግዶቻችን ናቸው፣ እኔ አስነሳቸዋለሁ» የሚሉት አንድ ሽማግሌ ዲያቆን ነበሩ። «እሳቸው ሲሞቱ» አለች አክስቴ፣ «ቀብራቸው ላይ ከእኛ የተገኘነው አራት ሰው ነን። ሌላው ሥራ ነበረበት።»

ምሳው አልወረደልኝም። ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ መጀመሪያ በራሴ፣ ቀጥሎ በእኛ በሁላችን።

ዘጠነኛው መንገድ ላይ፣ እኛ «ናይንዝ» በምንለው፣ ከዩ ስትሪት ጥግ አንድ ምግብ ቤት ገብተህ ሃያ ደቂቃ ከተቀመጥክ ይህን ዓረፍተ ነገር መስማትህ አይቀርም፦ «እኛ ስንመጣ እዚህ ምንም አልነበረም።» አንዳንዱ «ዱርዬና ዕፅ ብቻ ነበር» ብሎ ያሳምረዋል። ሰፈሩን ያቀናነው እኛ ነን፣ ክትፎና ቡና ያመጣነው እኛ ነን፣ ስለዚህ መንገዱ በስማችን ይጠራ። እኔም ይህን ዓረፍተ ነገር ብያለሁ። አሜሪካ በገባሁ በሁለተኛው ወር፣ ለሥራ ባልደረባዬ፣ በኩራት።

በእኔ ሙያ አንድ የታወቀ ጥፋት አለ። አዲስ የተቀጠረ ልጅ የቆየ ኮድ ያያል፣ አይገባውም፣ «ይሄ ቆሻሻ ነው» ይልና ደምስሶ ከዜሮ ይጽፋል። በሦስተኛው ቀን ሲስተሙ ይወድቃል። ያ አስቀያሚ መስመር እዚያ የተቀመጠው በአንድ ክፉ ሌሊት ምክንያት ነበር፤ ማን እንደጻፈው፣ መቼና ለምን፣ ታሪኩ ውስጥ ገብቶ ማየት ይቻል ነበር። ልጁ ግን አላየም። እኛም ዘጠነኛውን መንገድ ያነበብነው እንደዚያ ልጅ ነው።

እስኪ ታሪኩን እንየው። ከምግብ ቤቶቻችን ወደ ደቡብ ሁለት ብሎክ ብትሄድ፣ ዘጠነኛውና ኤስ ስትሪት ጥግ ላይ ኒው ቤቴል ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አለች። በየሳምንቱ በጎኗ እናልፋለን። እዚህች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከ1959 ጀምሮ ለሃምሳ ዓመት ያህል መጋቢ የነበረው ዋልተር ፎንትሮይ ነው፤ እዚያው ሻው ሰፈር ያደገ ልጅ። የ1963ቱን የዋሽንግተን ታላቅ ሰልፍ በከተማዋ በኩል ያስተባበረው እሱ ነው። በ1971 ዲሲን ወክሎ የተወካዮች ምክር ቤት ገባ፤ ከተማዋ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ያገኘችው የመጀመሪያ ተወካይ ነበር፤ ያውም ድምፅ መስጠት የማይችል። በ1984 በኅዳር ወር ደግሞ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ደቡብ አፍሪካ ኤምባሲ ገብቶ «አንወጣም» ብሎ ታሰረ፤ በአፓርታይድ ላይ የተነሣው የአሜሪካ ትልቁ ዘመቻ ከዚያ ቀን ጀመረ። ይሄ ሁሉ የሆነው እኛ «ምንም አልነበረም» ከምንለው ቦታ ሁለት ብሎክ ላይ ነው።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሌላ ነገር ነው። በ1950ዎቹ መንግሥት የዲሲን ደቡብ ምዕራብ ክፍል «አድሳለሁ» ብሎ በቡልዶዘር ጠርጎት ከ20,000 በላይ ሰው አፈናቀለ፤ አብዛኛው ጥቁር ነበር። ቀጣዩ ተራ የሻው እንደሆነ ሲታወቅ ፎንትሮይ በ1966 አንድ የሰፈር ድርጅት አቋቋመ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ሰፈሩ ይታደስ፣ ግን ነዋሪው ራሱ ያቅደው፣ ቤቱም ለነዋሪው ይሠራ። በመጋቢት 1967 ማርቲን ሉተር ኪንግ ራሱ መጥቶ ሻው ውስጥ ሰልፍ ተደረገ፣ ካርዶዞ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ንግግር አደረገ። ዓመት ከጥቂት ቀን እንደሆነው ኪንግ ሜምፊስ ላይ ተገደለ፣ አሥራ አራተኛውና ዩ ስትሪት ጥግ ላይ የጀመረው ቁጣ ሰባተኛውን መንገድ አቃጠለው።

«ባዶ ነበር» የምንለው ያንን ነው። ባዶ ሳይሆን የተቃጠለ ነበር፣ ከዚያም የተተወ። ባንክ አያበድርም፣ ሱቅ አይመለስም። በ1980ዎቹ ደግሞ ለሜትሮ ባቡር ተብሎ መንገዱ ተቆፈረ፤ ጣቢያዎቹ የተከፈቱት በ1991 ነው። በእነዚያ ሃያ ሦስት ዓመታት ሰፈሩን ማን ይዞ ቆየ? ቤን ቺሊ ቦውልን የመሰሉ ጥቂት ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናቱ ናቸው። ሰባተኛው መንገድ ላይ ያለው ጊብሰን ፕላዛ የተባለ የዝቅተኛ ገቢ አፓርታማ በአንዲት ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የተሠራ ነው፤ ስሙም የመጋቢው ስም ነው። ኪራይ ወደ ሰማይ በወጣበት በዛሬው ሻው ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው የሚኖርበት ሕንፃ ካየህ፣ መሠረቱ ላይ ብዙ ጊዜ የሆነ ቤተ ክርስቲያን ታገኛለህ።

ወደ ኋላ ደግሞ አንድ መቶ ዓመት እንሂድ። በ1862 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲፋፋም ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ ያመለጡ ባሪያዎች ወደ ዋሽንግተን ጎረፉ። የዛሬው አሥራ ሁለተኛው መንገድና አር ስትሪት አካባቢ መጠለያ ካምፕ ነበራቸው። ከፍሬደሪክስበርግ የመጡ የአንዲት ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አባላት እዚህ ተሰብስበው በ1863 ሺሎ ባፕቲስትን መሠረቱ። ዛሬ ሕንፃዋ ዘጠነኛውና ፒ ስትሪት ጥግ ላይ ነው፤ ኦባማ በ2011 ፋሲካን ያከበረባት ናት። እስኪ አስቡት፦ በእግራቸው ወንዝ ተሻግረው፣ ሌሊት ተጉዘው፣ ካምፕ ገብተው፣ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ያችኑ የትውልድ መንደራቸውን ጉባኤ መልሶ ማቆም ነው። አክስቴ በሱዳን በረሃ አልፋ መጥታ መጀመሪያ የፈለገችው ምን ነበር? የሰፈሩ የመጀመሪያ ስደተኞች እኛ አይደለንም ማለት ነው። ተራችን ሩቅ ነው።

እሺ፣ ወደ እሁዱ ፓርኪንግ እንመለስ፤ የአዲሶቹ ነዋሪዎች (እኔም አንዱ ነኝ) ትልቁ ክርክር እሱ ነውና። «እነዚህ ሰዎች እዚህ አይኖሩም፤ ፕሪንስ ጆርጅ ካውንቲ ነው የሚኖሩት። በሳምንት አንዴ መጥተው መንገድ ይዘጋሉ፣ ሕንፃው ስድስት ቀን ተዘግቶ ይውላል። ሰፈሩ የሚኖርበት ሰው ነው።» ሎጂኩ የተስተካከለ ይመስላል። አንድ ጥያቄ ግን ይጎድለዋል፦ ለምን ነው እዚህ የማይኖሩት?

አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይህ ጥያቄ ሊከብደው አይገባም። በ2024 የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ምን እንደሆንን ታስታውሳላችሁ። ፌስቡክ ላይ ያልለቀሰ የለም። እኔ እንኳ ካዛንቺስ አድጌ፣ የማላውቀው የፒያሳ ፎቅ ፎቶ ላይ አልቅሻለሁ። ሰው ከተወለደበት ግቢ ተነሥቶ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ሲገባ መጀመሪያ የሚፈራው ምኑን ነው? እድሩን። ማን ይቀብረኛል፣ ማን ድንኳን ይተክላል? ስለዚህ ብዙው ሰው የድሮ እድሩን አይለቅም፤ በወር አንዴ ሁለት ታክሲ ይዞ፣ ግማሽ ቀን አቃጥሎ፣ ሊከፍልና ሊሰበሰብ ወደ ድሮ ሰፈሩ ይመጣል። አዲሱ የሰፈሩ ነዋሪ ወጥቶ «እነዚህ ሽማግሌዎች ደግሞ ምን ያንጋጋቸዋል» ቢል ምን ትሉታላችሁ?

የጥቁር አሜሪካውያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን እኮ እድር ናት። እቁብም ናት። የሞተውን ትቀብራለች፣ የታሰረውን ትጠይቃለች፣ ኮሌጅ ለሚገባው ልጅ ታዋጣለች፣ በምርጫ ቀን አውቶቡስ ታዘጋጃለች። በ1970 ከዲሲ ነዋሪ ሰባ በመቶው ጥቁር ነበር፤ በ2020 ወደ አርባ አንድ በመቶ ወርዷል። ያ ሰው አልተነነም። ኪራይና የቤት ግብር ገፍቶ ካውንቲ አስገባው። እሁድ ጠዋት ሁለተኛ ረድፍ ሠርቶ የሚቆመው ካምሪ የቀድሞው ሰፈር ነው፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት ወደ ቤቱ የሚመለስ። እኔ ታርጋውን ፎቶ አንስቼ ላክሁ።

ፍትሐዊ ልሁን። ቤተ ክርስቲያኖቹም ንጹሕ አይደሉም። አምቡላንስ የሚያልፍበትን መንገድ መዝጋት ጽድቅ አይሆንም። ለዓመታት ባዶ የተተዉ ቤቶችን ይዘው፣ ለጎረቤት አይጥ ያተረፉ ጉባኤዎች አሉ፤ ሻው ውስጥ ይህ የአደባባይ ጠብ ሆኖ ቆይቷል። ሕንፃቸውን ለአልሚ ሸጠው ካውንቲ የገቡም አሉ፤ ለአባላቱ እዚያ መቅረብ ነው፣ ለሰፈሩ ግን አንድ ጥርስ እንደ መነቀል ነው። በ2015 ስድስተኛው መንገድ ላይ የብስክሌት መስመር ሊሠራ ሲል አንዲት ቤተ ክርስቲያን (ባፕቲስት አይደለችም) በጠበቃዋ በኩል «የእምነት ነፃነቴ ተነካ» ብላ መጻፏም ትንሽ አሳፋሪ ነው፤ ብስክሌት የሃይማኖት ጠላት ሆኖ አያውቅም። ይሁንና ከእነዚህ ጥፋቶች ውስጥ የትኛውም «እነዚህ ሰዎች ይውጡ» ወደሚል መደምደሚያ አያደርስም። እኛ ግን፣ ዝም ብለን፣ ከሚያስወጡት ጋር ተሰልፈናል። ዝም ማለታችን ገለልተኛ ያደረገን ይመስለናል።

ይህ በ2019 ጸደይ በደንብ ታይቷል። ሰባተኛውና ፍሎሪዳ ጥግ ላይ ያለው የስልክ መሸጫ ለዓመታት ጎጎ ሙዚቃ ወደ ውጭ ያሰማ ነበር፤ የከተማዋ የራሷ ድምፅ ነው። ከአዲሱ ውድ ሕንፃ አንድ ነዋሪ ቅሬታ አቀረበ፣ ሙዚቃው ጠፋ። ሕዝቡ መንገድ ላይ ወጣ፣ እየጨፈረ፣ እየጮኸ፣ ሙዚቃውም ተመለሰ። የእኛ ምግብ ቤቶች ከዚያ አምስት ደቂቃ በእግር ናቸው። ያኔ አሜሪካ አልገባሁም ነበር፤ ግን የነበሩትን ሀበሾች ስጠይቅ የማገኘው መልስ አንድ ነው፦ «አዎ፣ የሆነ ረብሻ ነበር።»

የስሙን ጉዳይ እናንሣ፤ መቼም ሳይነሣ አይታለፍም። በ2000ዎቹ አጋማሽ የእኛ ነጋዴዎች ከቲ እስከ ዩ ስትሪት ያለው ዘጠነኛው መንገድ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ በይፋ ይሰየም ብለው ተነሡ። ሎስ አንጀለስ በ2002 አድርጋዋለች፣ ዲሲ ለምን አታደርግም? የሰፈሩ ጥቁር አሜሪካውያን ተቃወሙ፦ ይህ የዱክ ኤሊንግተን ሰፈር ነው፣ የጥቁሮች ብሮድዌይ ይባል የነበረ ነው፣ ታሪካችንን አትለጥፉበት አሉ። እኛ ምን አልን? «ምቀኞች ናቸው» አልን። እስከ ዛሬም እንላለን። በባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ያደገ ሕዝብ፣ የሰው አጥር ላይ የራሱን ታፔላ ሊሰቅል ሲል ባለቤቱን አንዴ እንኳ ቡና ጠርቶ አላማከረም።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ታፔላው ይቅር። ለጊዜው ሳይሆን፣ ሰዎቹ ራሳቸው ኑ እስኪሉን ድረስ። ለታፔላው ያፈሰስነውን ጉልበት ግማሹን ለኪራዩ አፍስሰን ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንሰቅልበት ሱቅ ይኖረን ነበር። አዳምስ ሞርገን ላይ የነበርነው ኪራይ ሲወደድ ወደ ዘጠነኛው መንገድ ወረድን፤ ከዘጠነኛው ደግሞ አሁን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ እየሄድን ነው። ጥቁሩን ሰው የገፋው ኪራይ ሀበሻ መሆናችንን ጠይቆ አያልፈንም።

ከሁሉም የሚያመኝ የሚቀጥለው ነው። «እኛ እኮ እንደ እነሱ ጥቁር አይደለንም» የሚለው። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ይህን በግልጽ አይናገርም፣ ያፍራል፤ ግን ኪራይ ሲፈልግ፣ ትምህርት ቤት ሲመርጥ፣ እህቱ ማንን እንዳገባች ሲያወራ ይወጣበታል። እስኪ ወረቀታችንን እናውጣ። ከአውሮፓ ውጭ ላለ ሰው በሩን የከፈተው የኢሚግሬሽን ሕግ የጸደቀው በ1965 በጥቅምት ነው፤ ጥቁሮች በደማቸው ያስከፈሉት የምርጫ መብት ሕግ በጸደቀ በሁለተኛው ወር፣ በዚያው ምክር ቤት፣ በዚያው ነፋስ። አክስቴ የገባችው በ1980ው የስደተኞች ሕግ ነው። እኔ በዲቪ፤ ዲቪ ደግሞ ሲጀመር በዋናነት ለአይሪሾች ታስቦ የተጠነሰሰ ነው፣ እኛ በጎን ገባንበት። ከእኛ መካከል አንድም ሰው ይህን በር በትከሻው አልገፋም። የገፉት ሰዎች ስብሰባ የሚያደርጉት ደግሞ ሌላ አዳራሽ ስለማይሰጣቸው ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር።

እነሱ ግን እኛን ያውቁን ነበር። ኒው ዮርክ ውስጥ ነጮች ለብቻ ተቀመጡ ሲሏቸው ጥለው የወጡ ጥቁሮች በ1808 የመሠረቷት ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ስሟ አቢሲኒያን ነው፤ ከመሥራቾቿ መካከል ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች እንደነበሩ ይተረካል። ጣሊያን በ1935 ሲወረን ሀርለም ሰልፍ ወጣ፤ ከቺካጎ ጆን ሮቢንሰን መጥቶ አውሮፕላኖቻችንን አበረረ፣ ኋላም አዲስ አበባ ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማረው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ከዘጠነኛው መንገድ አሥር ደቂቃ በእግር፤ ሚስቱም ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። በ1937 ያቋቋመው ማኅበር ለኢትዮጵያ ገንዘብ ሲሰበስብ ሳንቲሙ የመጣው ከሠራተኛ ሴቶችና ከበር ጠባቂዎች ኪስ ነው። እነዚያ ሴቶች እሁድ የት ይሄዱ እንደነበር መገመት አያዳግትም። ስለ ኢትዮጵያ እጅ መዘርጋት የሚናገረውን መዝሙር እኛ ሳንመጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሰብኩበት ኖረዋል። ስንመጣ ግን እጃችንን ዘርግተን የሰላምታ ሳይሆን የኪራይ ውል ፈረምን።

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ኮድ ጽፌ ኪራይ የምከፍል ሰው ነኝ» የሚል ይኖራል። እኔም ያንኑ ነበር የምለው። መልሱ አሰልቺ ነው። ዲሲ ውስጥ በየሰፈሩ የአማካሪ ኮሚሽን ስብሰባ አለ፣ በወር አንዴ፣ ለማንም ክፍት ነው። የአረቄ ፈቃድ፣ ፓርኪንግ፣ አዲስ ሕንፃ፣ ሁሉም መጀመሪያ እዚያ ይነሣል። ምግብ ቤቶቻችን እዚያ የሚገኙት የራሳቸው ፈቃድ ሲታይ ብቻ ነው። በስንት ዓመት አንዴ። ጉባኤዎቻችን ጨርሶ አይገኙም፤ የመንፈስ ሥራ ላይ ናቸው።

በመስከረም አንዱ ላይ ሄድኩ። ሰላሳ ሰው ይሆናል፤ የታጠፈ ወንበር፣ የቀዘቀዘ ቡና። አጀንዳው ላይ የእሁድ ፓርኪንግ አለ። አጠገቤ የተቀመጡት ባርኔጣ ያደረጉ ትልቅ ሴት የት እንደምኖር ጠየቁኝ። የሕንፃዬን ስም ነገርኳቸው። «እ፣ እዚያ» አሉ፣ «የእህቴ ቤት የነበረበት።» በክፋት አልነበረም የተናገሩት፤ አድራሻ እንደሚነግር ሰው ነው። ስለ 311 አልነገርኳቸውም። ተራው ሲደርስ ግን ተነሥቼ፣ በተኮላተፈ እንግሊዝኛ፣ በእሁድ ጠዋት ለአምስት ሰዓት ያህል የመንገዱ አንድ ጎን ለቤተ ክርስቲያኖቹ ይለቀቅ የሚለውን ሐሳብ እንደምደግፍ ተናገርኩ። ከእኔ ሕንፃ የመጣ አንድ ልጅ በመገረም አየኝ። ድምፅ አልተሰጠም፤ ወደሚቀጥለው ወር ተላለፈ።

ለአክስቴ ደውዬ ነገርኳት። በሚቀጥለው ወር ከኅብረቱ ሦስት አራት ሰው ይዛ እንድትመጣ ለመንኳት፤ ያንን ዲያቆን የሚያስታውሱትን። ትንሽ ዝም አለችና «ፓርኪንግ አለ?» አለችኝ።